የብርቅነት መለኪያ፦ መደበኛ ባልሆኑ የካርታ እሽጎች የፖከር ስብስቦች የዕድል ስሌት

አኅጽሮት

የፖከር የአሸናፊነት ደረጃ «ብርቅ የሆነው የተለመደውን ያሸንፋል» በሚል መርህ ላይ የቆመ ነው። ይህ መጣጥፍ መርሁ በ52 ካርታ ያስገኘውን ቅደም ተከተል እንዳለ ወደ ሌላ እሽግ ማሻገር እንደማይቻል ያሳያል። ለማንኛውም እሽግ የሚሆን ቀመር ካቀረበ በኋላ ፍላሽና ፉል ሃውስ ቦታ የሚለዋወጡበትን ወሰን ያሰላል፤ ብርቅነት ብቻውን ዳኛ ሊሆን የማይችልባቸውንም ሁኔታዎች ይለያል።

1. መነሻ

ፖከር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ሲስፋፋ በ20 ካርታ ይጫወቱት ነበር፤ ከ10 እስከ አስ ያሉ አምስት ደረጃዎች በአራት ምልክት። ዛሬ መደበኛ የምንለው የ52 ካርታ እሽግ የተተካው ከዚያ በኋላ ነው። በቅርቡ ደግሞ በማካዎ ከፍተኛ ገንዘብ በሚያስይዙ ተጫዋቾች ዘንድ ስም ያወጣው «ሾርት ዴክ» ከ2 እስከ 5 ያሉትን ካርታዎች አውጥቶ በ36 ይጫወታል። በላስ ቬጋስ የሚካሄደው የዓለም የፖከር ተከታታይ ውድድርም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ጨዋታ በመርሐ ግብሩ አካቶታል። እሽጉ ሲለወጥ ግን ደረጃው አብሮ መፈተሽ አለበት።

2. አጠቃላይ ቀመር

አንድ እሽግ «ደ» ደረጃዎችና «ም» ምልክቶች ይኑሩት፤ የካርታው ብዛት ደ×ም ነው። ጥ(ሀ፣ለ) ስንል ከ«ሀ» ነገሮች «ለ» ያህሉን፣ ቅደም ተከተል ሳይታይ፣ የመምረጫ መንገዶች ብዛት ማለታችን ነው። እንግዲህ የአምስት ካርታ ስብስቦች ጠቅላላ ብዛት ጥ(ደ×ም፣5) ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ፦

ፉል ሃውስ (ሦስት አቻና አንድ ጥንድ) = ደ × (ደ−1) × ጥ(ም፣3) × ጥ(ም፣2)
ፍላሽ (አምስቱም አንድ ምልክት፣ ተከታታዮቹን ጨምሮ) = ም × ጥ(ደ፣5)
ሦስት አቻ = ደ × ጥ(ም፣3) × ጥ(ደ−1፣2) × ም²

አስ ከታችም ከላይም እንዲያገለግል ከተፈቀደና ደ ከ5 ከበለጠ፣ የተከታታይ ደረጃዎች ብዛት ደ−3 ነው፤ በ13 ደረጃ 10፣ በ9 ደረጃ 6 ማለት ነው። በዚህ መሠረት የሁለቱ እሽጎች ውጤት የሚከተለው ነው፤ በሰንጠረዡ ተከታታይ ፍላሾች ከፍላሽም ከተከታታይም ተቀንሰዋል።

| ስብስብ | በ52 ካርታ | በ36 ካርታ |
|---|---|---|
| ተከታታይ ፍላሽ | 40 | 24 |
| አራት አቻ | 624 | 288 |
| ፉል ሃውስ | 3,744 | 1,728 |
| ፍላሽ | 5,108 | 480 |
| ተከታታይ | 10,200 | 6,120 |
| ሦስት አቻ | 54,912 | 16,128 |
| ሁለት ጥንድ | 123,552 | 36,288 |
| አንድ ጥንድ | 1,098,240 | 193,536 |
| ያልገጠመ | 1,302,540 | 122,400 |
| ድምር | 2,598,960 | 376,992 |

ፉል ሃውስ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ፍላሽ ከአሥር እጅ ወደ አንድ እጅ ወርዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከ13 ካርታ አምስት መምረጫው 1,287 መንገድ ሲሆን ከ9 ግን 126 ብቻ ነው። ሾርት ዴክ ፍላሽን ከፉል ሃውስ በላይ ማስቀመጡ ስለዚህ ተገቢ ነው።

3. ወሰኑ የት ላይ ነው?

ምልክቶቹ አራት ሲሆኑ የፍላሽና የፉል ሃውስ ቀመሮች ቢነጻጸሩ ጥያቄው ወደ አንድ አጭር ብዜት ይጠቀለላል፦ (ደ−2)×(ደ−3)×(ደ−4) ከ720 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በ13 ደረጃ ብዜቱ 990 ስለሆነ ፍላሽ ይበዛል። በ12 ደረጃ 10×9×8 ልክ 720 ይሆናል፤ ሁለቱም 3,168 መንገድ አላቸው። ከፍላሹ ላይ 36ቱ ተከታታይ ፍላሾች ሲቀነሱ ፍላሽ ብርቅ ሆኖ ይገኛል። 48 ካርታ ባለው የስፔን እሽግ ፖከር ቢጫወቱ፣ የጎደለችው አንዲት ደረጃ ብቻ ሆና ሳለ የሁለቱ ስብስቦች ቦታ ይገለበጣል። መደበኛው ቅደም ተከተል የቆመው በዚህን ያህል ጠባብ ልዩነት ላይ ነው።

4. አምስት ወይስ ሰባት?

እሽጉን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ሾርት ዴክ የሚጫወተው በሆልደም ደንብ ነው፤ ተጫዋቹ ከሁለት የራሱና ከአምስት የጋራ ካርታዎች ምርጥ አምስቱን ይወስዳል። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ጥ(36፣7) ማለትም 8,347,680 ነው። በዚህ ቆጠራ ተከታታይ 1,169,940 (14.0 በመቶ)፣ ፉል ሃውስ 633,024 (7.6 በመቶ)፣ ሦስት አቻ 607,200 (7.3 በመቶ)፣ ፍላሽ 175,560 (2.1 በመቶ) ይሆናሉ። በአምስት ካርታ ከሦስት አቻ ይልቅ ብርቅ የነበረው ተከታታይ፣ በሰባት ካርታ የሦስት አቻን እጥፍ ሊሆን ተቃርቧል። ሦስት አቻን ከተከታታይ በላይ የሚያስቀምጡ የሾርት ዴክ ደንቦች አሉ፤ የተለመደውን የያዙም አሉ። ስሌቱ የሚደግፈው የመጀመሪያዎቹን ነው።

ይኸው ስሌት ግን ሦስት አቻ ከፉል ሃውስም እንደሚያንስ ያሳያል። ታዲያ ሦስት አቻ ፉል ሃውስን ያሸንፍ? አያስኬድም፤ ፉል ሃውስ ሦስት አቻን በውስጡ ይዞ ጥንድ የጨመረ ነውና፣ የተሻሻለ ስብስብ ሊቀጣ አይገባም። በሰንጠረዡ ላይ በ36 ካርታ «ያልገጠመ» ከአንድ ጥንድ አንሶ ሳለ በጥንድ መሸነፉም ከዚህ የመጣ ነው። በእኔ እምነት ትክክለኛው አገላለጽ የሚከተለው ነው፦ አንዱ ሌላውን አሻሽሎ የያዘ ከሆነ የያዘው ይበልጣል፤ ብርቅነት የሚዳኘው አንዱ በሌላው ውስጥ በማይገኝባቸው ስብስቦች መካከል ብቻ ነው።

5. ጆከር ሲገባ

በ52ቱ ላይ እንደ ማንኛውም ካርታ የሚያገለግል አንድ ጆከር ሲጨመር ይህም ዳኝነት ይሰናከላል። ጥንድ፣ ሁለት የተለያዩ ካርታዎችና ጆከር የያዘ ተጫዋች ሦስት አቻም ሁለት ጥንድም ማለት ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ስብስቦች 82,368 ናቸው። ሦስት አቻ ከበለጠ ሁሉም ወደዚያ ይሄዱና ሦስት አቻ 137,280 ሲሆን ሁለት ጥንድ 123,552 ላይ ይቀራል፤ የሚበልጠው ስብስብ የበዛው ሆነ ማለት ነው። ደረጃው ቢገለበጥ ተጫዋቾቹም ምርጫቸውን ይገለብጣሉ፤ ሁለት ጥንድ 205,920 ይደርሳል፣ ሦስት አቻ ወደ 54,912 ይወርዳል። የትኛውም ቅደም ተከተል ራሱን ያፈርሳል። ጆን ኤመርትና ዴል አምባክ እ.ኤ.አ. በ1996 በ«ቻንስ» መጽሔት ያነሱት ይህንኑ ችግር ነው። ምንጩ የቆጠራ ስህተት ሳይሆን፣ የሚቆጠረው ነገር በደረጃው ላይ የሚመረኮዝ መሆኑ ነው።

6. ማጠቃለያ

እሽግ የሚቀይር ሰው በቅድሚያ ደረጃዎቹንና ምልክቶቹን፣ ቀጥሎም ተጫዋቹ ከስንት ካርታ እንደሚመርጥ ይወስን፤ ከዚያ ይቁጠር፤ ደረጃ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። በ20ው ካርታ ጥንድ የሌለበት ስብስብ ሁሉ በተፈጥሮው ተከታታይ መሆኑ፣ በዚያ እሽግ «ያልገጠመ» የሚባል ነገር ጨርሶ አለመኖሩ፣ የስብስቦች ስም ራሱ ከእሽጉ ተለይቶ እንደማይቆም ያስረዳል። ጆከር ካለ ደግሞ ደረጃው በስምምነት የጸና መሆኑ ጨዋታው ሳይጀመር መነገር አለበት። የጥምረት ሒሳብን ለሚያስተምርም ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፦ ተማሪው ቁጥሮቹን ከሚሸመድድ ይልቅ ደረጃ አንሥቶ፣ ምልክት ጨምሮ ራሱ ቢቆጥር፣ የቀመሩ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚቆጥር በትክክል ይገባዋል።