«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ የደነገገው ማነው?

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ መቱ ነበርኩ። እህቴ ቤት ስሄድ ባዶ እጄን አልገባም ብዬ መንገድ ላይ ካለ ሱፐርማርኬት ሁለት ጣሳ የዱቄት ወተት ገዛሁ። ልጇ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ማታ አንዱ ተከፍቶ ጠጣች፤ ጠዋትም ደገመች። ረፋዱ ላይ እህቴ ጣሳውን ገልብጣ እያየች «ወንድምዬ፣ ይሄ ቀኑ አላለፈም?» አለችኝ። ከሥሩ በጥቃቅን ነጥቦች 08/2024 የሚል ታትሞበታል።

ሒሳቡን ሠራሁት። በፈረንጅ አቆጣጠር 2024 ስምንተኛው ወር ማለት የእኛ የ2016 ነሐሴ ግድም ነው። ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል ማለት ነው።

ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ ተመስገን። እኔ ግን ያልተከፈተውን ጣሳ ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ባለቤቱ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ወተት ጊዜው አልፎበታል» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? 2017 አይደል እንዴ? ይሄ እኮ 2024 ነው የሚለው። ገና ሰባት ዓመት አለው!»

እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው ዛሬም አልገባኝም። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ በላስቲክ የተለበጠች ወረቀት ተለጥፋለች፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

ብዙ ከተነጋገርን በኋላ የአንዱን ጣሳ ብር መለሱልኝ። «እንግዳ ስለሆንክ ነው፤ ለአንተ ስል» አሉኝ። አመስግኜ ዞር ስል ጣሳውን አንስተው ከነበረበት መደርደሪያ ላይ መልሰው አስቀመጡት። እኔም አይቼ ወጣሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺ ወረቀት ከአእምሮዬ አልወጣችም። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሬ የማትገኝበት ሱቅ የለም፤ ደረሰኝ ላይ ሁሉ ትታተማለች። እንደ ሕግ ስለምትነበብ ሕግ ትመስለናለች። ግን ከየት መጣች? አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚገበያዩት?

አልነበረም። የኢሉባቦርን የድሮ ገበያ ያየ ሰው ገዢ እንዴት ራሱን ይጠብቅ እንደነበር ያውቃል። ማር በጣት ተነክሮ ይቀመሳል። ቅቤ ይሸተታል፣ በመዳፍ ይታሻል። እህል ከቁናው ሥር በእጅ ተዝቆ ይታያል፤ ከላይ ያለው ሌላ፣ ከሥር ያለው ሌላ ሊሆን ይችላልና። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርስ ያያል፣ ያስኬዳል፣ ሻጩንም ዋስ ጥራ ይለዋል። ሻጭና ገዢ በሚቀጥለው የገበያ ቀን እዚያው ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የተበላሸ ቅቤ የሸጠች ሴት ሳምንት ሳይሞላት ስሟ ገበያውን ያዳርሳል። ደንበኛ የሚለው ቃል ያኔ ትርጉም ነበረው፦ የምታውቀውና የሚያውቅህ፣ ብትበደል ሄደህ የምትወቅሰው ሰው።

ክርክሩ ከበረታ ደግሞ ዳኛ ነበረ። በምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላም ነጋድራስ የሚባለው ሹም ቀረጥ መሰብሰብ ብቻ አልነበረም ሥራው፤ የነጋዴዎችንም ክርክር ይዳኝ ነበር። «አቤት!» ማለት ነውር አልነበረም። አቤቱታ የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ ጩኸት የወጣ ነው። መንገደኛው ሁሉ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሰው የሚያስቆምበት አገር ነበር።

ይህ ሥርዓት ፍጹም ነበር አልልም። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚጨምር ሰው ዛሬ አልተፈጠረም። ቢሆንም ገዢው መከላከያ ነበረው፦ ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ምላሱ። ሻጩም ይህን መከላከያ የመከልከል መብት አልነበረውም። «አትቅመስ፤ ዝም ብለህ ግዛ» የሚል ባለማር ማን ይጠጋው ነበር?

ነገሩ የተለወጠው ዕቃው ታሽጎ መምጣት ሲጀምር ነው። ለኢሉባቦር ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከባሮ ወንዝ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ይኸው ጣቢያ ጋምቤላ ላይ ተከፈተ። የኢሉባቦር ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎ ወደ ቆላው ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዛል፤ ጨው፣ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ደግሞ በተቃራኒው ይመጣል። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ በዚህ ንግድ ሞቀች። ግሪኩም ሶርያዊውም ነጋዴ ገባባት፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ተከፈተባት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መርከቡ የሚመጣው ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር። ወንዙ ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ በክረምት የገባው ዕቃ እስከሚቀጥለው ክረምት መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ከጋምቤላ ሙቀት ወጥቶ በቡሬ አድርጎ ወደ ጎሬ ጭጋግ ይገባል። ጎሬ ከአገራችን እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። የአሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ጊዜ ሰዉ ገንዘቡን ከእርጥበት ይጠብቅ ነበር፤ በዚህ አገር ገንዘብም ይሟሟል። በዚህ አየር ውስጥ የከረመ የታሸገ ምግብ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አይከብድም። በላዩ ግን ቀን የሚባል ነገር አልተጻፈም።

በእርግጥ ያኔ የትም አገር አይጻፍም ነበር። ፈረንጆቹም ቢሆኑ እዚህ የደረሱት በብዙ ሬሳ ላይ ተራምደው ነው። ብራድፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1858 አርሴኒክ የተቀላቀለበት ከረሜላ ተሸጦ 20 ያህል ሰው ሞተ። ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀልን የሚከለክለው ሕጋቸው የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በምግብ ላይ ቀን ማተምን የአውሮፓ ማኅበረሰብ ለአባል አገሮቹ ያዘዘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የመጠቀሚያ ቀን ትናንት የመጣ ነገር ነው።

ለምን አስፈለገ? ዕቃው ሲታሸግ ገዢው ምላሱን ስለተቀማ ነው። ጣሳ አይሸተትም፣ ላስቲክ አይቀመስም። ቀኑ የምላስ ምትክ ነው። አምራቹ «መቅመስ ስለማትችል እኔ እነግርሃለሁ፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ኃላፊው እኔ ነኝ» ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። ቃሉ ካልተከበረ ገዢው ምንም የለውም።

ወደ እኛ እንመለስ። በደርግ ጊዜ ስኳሩም ጨውም ሳሙናውም በቀበሌ ሱቅ በራሽን ሆነ። ያን ጊዜ ያዩት ሰዎች የሚያወሩት ስለ ሰልፉ ነው፤ ደርሶህ ካገኘህ እሰየው ነው። እርጥበት የበላው ስኳር ቢሰጡህ ለማን ትመልሳለህ? ከኋላህ የተሰለፈው ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። በእኔ አስተያየት «የተሸጠ አይመለስም» የሚለው መንፈስ አጥንታችን ውስጥ የገባው በእጥረት ዘመን ነው። እጥረት ሻጩን ሰጪ፣ ገዢውን ተመጽዋች አድርጎታል። ደርግ ሲወድቅ ራሽኑ ቀረ፤ አመሉ ቀረብን። ሰውየው ብሬን ሲመልሱልኝ «ለአንተ ስል» ያሉት፣ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ የተቀበልኩት ከዚያ አመል ነው። መብቴን እንደ ውለታ ተቀበልኩ።

ሕጉ ግን ሌላ ነው የሚለው፤ ያውም ከድሮ ጀምሮ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ መሆኑን፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። በ2002 የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685 ወጣ፤ በ2006 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 813 ተተካ። ይህ አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብንም በግልጽ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ መሸጥን ብቻ አይደለም፣ ለሽያጭ ማቅረብንም ነው። ጣሳዋ ወደ መደርደሪያው የተመለሰችበት ያቺ ቅጽበት ራሷ ጥፋት ናት ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አዋጅ አትሽርም።

ታዲያ ሕጉ እያለ ለምን አይሠራም? መቱ ላይ ሆኜ ሳስበው ሦስት ነገር ታየኝ።

አንደኛው ቀኑ ራሱ ነው። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ፣ አገር ውስጥ ከሚመረተውም ብዙው፣ ቀኑ የሚታተምበት በፈረንጅ ነው። እኛ የምንኖረው ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ያለፈበት ዕቃ ሁልጊዜ ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስላል። ስሕተቱ ሁልጊዜ የሚያደላው ለሻጩ ነው፤ ለገዢው አንድም ቀን አያደላም። ፊደል የቆጠረው እኔ እንኳ ሳላይ ገዛሁ። ከገጠር መጥታ ለልጇ ብስኩት የምትገዛ እናት በምን ታውቃለች?

ሁለተኛው ደረሰኝ ነው። ያለ ደረሰኝ መቼ እንደገዛህ፣ ከማን እንደገዛህ ማስረጃ የለህም። አሥራ አምስቱ ቀን ከየት ይቆጠራል? የድሮው ገበያ ዋስ ነበረው፤ የዛሬው ዋስ ደረሰኝ ነው። እኛ ደግሞ ደረሰኝ የምንጠይቀው ለመሥሪያ ቤት ሒሳብ ስናወራርድ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው። የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት በ2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄዷል። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለ አንድ ጣሳ ወተት ማን ያን ያህል ይሄዳል? ነጋድራሱ ቢያንስ ገበያው አጠገብ ነበር።

ለፍትሕ ያህል የባለሱቁንም ወገን ልናገር። «እኔ ከጅምላ ነጋዴ በካርቶን ነው የማመጣው፤ ሳይሸጥ ቀኑ ቢያልፍ እሱ አይቀበለኝም» ብለውኛል። ውሸት አይመስለኝም። እሳቸውም ጋ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ሰው አለ። ኪሳራው ከላይ ወደ ታች እየተገፋ ይመጣና መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ምንም በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ደግሞም ቀን ያለፈበት ሁሉ መርዝ አይደለም። የደረቀ ብስኩት ጣዕሙ ይቀንስ ይሆናል፤ የሕፃን ወተት ግን እንደዚያ አይታይም። ይህን ለይቶ መወሰን ያለበት ግን ኪሳራ የፈራ ሻጭ ሊሆን አይችልም።

እስኪ ይህን አስቡት። የኢሉባቦር ገበሬ ቡናውን ይዞ ሲመጣ ነጋዴው ፍሬውን በጥርሱ ሰበር ያደርግና «እርጥብ ነው፤ መልሰህ አድርቀው» ይለዋል። በምርት ገበያ መለኪያ የቡና እርጥበት ከ11.5 በመቶ ካለፈ ችግር ነው። ይኸው ገበሬ በቡናው ብር ሱፐርማርኬት ገብቶ ለልጁ ወተት ሲገዛ ጣሳውን በጥርሱ መስበር አይችልም፤ «ይመለስ» ቢል ደግሞ ወረቀቷን ያሳዩታል። ሲሸጥ የሚመለስበት፣ ሲገዛ የማይመልስ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። ዕቃ ስትገዙ ገልብጡት። ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ፤ ከ10 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። 9 ከሆነ የእኛ ዘመን የሚለወጥበት ወር ነውና በደንብ አስተውሉ። ደረሰኝ ጠይቁ። ያለፈበት ካገኛችሁ በጨዋነት መልሱ፤ ግን «እባክዎ» ስትሉ ልመና አይሁን። ለምግብና ለመድኃኒት ጉዳይ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 የሚባል ነፃ የስልክ መስመር አለው።

ከሁሉ በላይ ግን ብራችሁን ተቀብላችሁ ብቻ አትውጡ። እኔ ብሬን አገኘሁና አቤቱታዬ ያለቀ መሰለኝ። ጣሳዋ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። ከእኔ በኋላ የገባው ሰው ማን እንደሆነ፣ ለማን ልጅ እንደገዛት አላውቅም። «ጋሼ፣ እሷን እንኳ ይጣሏት፤ የሰው ልጅ ይጠጣታል» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ።

አቤት የሚል ሰው ለራሱ ብቻ አይጮኽም። ቀድሞም ገበያውን የጠበቀው እሱ ነበር።