ቅልበሳ፦ «ሪቨርት»ን በአማርኛ

በሚዛንና በቴፒ ከተሞች አካባቢ እሸት ቡና በሚረከቡበት ጣቢያ፣ ሚዛኑ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ኪሎ ቢሳሳት ደረሰኙን ከጥራዙ ገንጥሎ አይጥልም። ያሰምርበትና «ተሰርዟል» ብሎ ይተወዋል፤ ትክክለኛውን በቀጣዩ ቁጥር ይጽፋል። አንድ ቁጥር ከጎደለ ኦዲተሩ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ሪቨርት» የሚሉት፣ እኔ «ቅልበሳ» የምለው ሥራም እንዲሁ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ሥራ የጀመረው ጊት፣ በፕሮግራም ላይ የተደረጉ ለውጦች በተራ የሚመዘገቡበት ነው። እያንዳንዱ ምዝገባ «ኮሚት» ይባላል። «ጊት ሪቨርት» የተሳሳተውን ኮሚት አያጠፋም። ያ ኮሚት የጨመረውን የሚቀንስ፣ የቀነሰውን የሚመልስ አዲስ ኮሚት ያክልበታል።

በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቴፒ ግቢ ሁለት ተማሪዎች የእሸት ቡና ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም ይጽፋሉ እንበል። ሰኞ የገበሬዎቹን ዝርዝር አስገቡ። ማክሰኞ የክፍያውን መስመር ሲነካኩ የማባዣው ምልክት መደመሪያ ሆነ። ረቡዕ ደረሰኝ ማተሚያውን ጨመሩ። ሐሙስ ሲሞክሩት 20 ኪሎ በ60 ብር 1,200 መሆን ሲገባው 80 ብር አለ! የማክሰኞው ኮሚት ብቻ ይቀለበሳል፤ የረቡዕ ድካማቸው አይነካም።

«ጊት ሪሴት» ሌላ ነው። መዝገቡን ራሱን ወደ ሰኞ ይመልሰዋል፤ የረቡዕም ሥራ አብሮ ከመዝገቡ ይወጣል። ለማንም ባልተላከ ሥራ ላይ ምንም አይደለም። ጓደኛ ከወሰደው በኋላ ግን የሁለቱ መዝገብ ይለያያል። «ሃርድ» ሲታከልበት ደግሞ ገና ኮሚት ያልሆነውን ለውጥ ይዞ ይሄዳል። ኮሚት የሆነውን «ጊት ሪፍሎግ» ለተወሰነ ጊዜ ፈልጎ ያገኝላችኋል፤ ያልሆነውን ግን አያገኘውም። ብዙ ጀማሪ ያለቀሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ደጋግሜ እናገረዋለሁ።

«ስረዛ» ብንለው ተማሪው ኮሚቱ የጠፋ ይመስለዋል። «ሽረት» የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ የበላይ አካል ይፈልጋል። መቀልበስን ግን ከእጅጌ እናውቀዋለን። እጅጌ ሲቀለበስ ጨርቁ አይቆረጥም፣ ሲያስፈልግም መልሶ ይዘረጋል። በጊትም ቅልበሳው ራሱ ሊቀለበስ ይችላል፤ ለዚህ ነው ቃሉን የመረጥኩት።

ጊት የትኛው ኮሚት እንደተቀለበሰ በራሱ ይጽፋል። ለምን እንደተቀለበሰ ግን ጸሐፊው ካልሞላው ባዶ ይቀራል። ሁለቱ ተማሪዎች እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «የማክሰኞውን ቀልብሰናል፤ ኪሎና ዋጋ ተደምረው ነበር።»