ለመሰበር የተሠራች ፒን

አንገረብ የሚባሉ ወንዞች ሁለት ናቸው። ሁለቱም የሚነሡት ከጎንደር አካባቢ ደጋ ነው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ትልቁ አንገረብ ወደ ምዕራብ ይወርድና አብርሃ ጅራ ያለችበትን የአርማጭሆ ቆላ ይዞ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ መጨረሻው አትባራ ነው። ትንሹ አንገረብ ደግሞ በጎንደር በኩል ያልፋል፣ የከተማዋን ግድብ ይሞላል፣ ከዚያ መገጭን ተቀላቅሎ ጣና ይገባል። ስማቸው አንድ፣ ዕጣቸው ሁለት።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ትንሽ ማሽን ነው፤ ከጀልባ ኋላ ስለሚንጠለጠለው ሞተር። ይህ ሞተር ከሁለቱ አንገረቦች የአንዱን መድረሻ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለምን ይሆን?

ጀልባ ከውኃ የሚፈልገው ነገር ቀላል ነው፦ ዓመቱን ሙሉ መቆየት። የቆላ ወንዝ ደግሞ ይህን አይሰጥም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1861 ሱዳን ውስጥ አትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቆ አሸዋና ጥቂት ኩሬዎች ብቻ ቀርተውታል። ሰኔ 23 ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሲነጋ የትናንቱ አሸዋ 450 ሜትር ያህል ስፋትና ከ4 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ወንዝ ሆኖ አገኘው። ቤከር ባለበት ዝናብ አልነበረም። ያ ውኃ የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነበር። ቆላ ያደገ ሰው በዚህ አይገረምም፤ ወንዙ በክረምት ዛፍ ነቅሎ ይሄዳል፣ በበጋ አሸዋው ላይ እግር ይሻገርበታል። በአንዱ ወቅት ጀልባ ይሰበራል፣ በሌላው ደግሞ መሬት ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ በአብርሃ ጅራ በኩል ትንሽ ሞተር ሲባል የሰው ልብ የሚሄደው ወደ ውኃ ፓምፕ፣ ወደ ጀነሬተር፣ ወደ ሞተር ሳይክል ነው። ቢሆንም ነገሩ ያን ያህል አይራራቅም። የፓምፕ ካርቡሬተር አጥቦ የሚያውቅ የቆላ ልጅ ጣና ዳር ወስደው የጀልባ ሞተር ክዳን ቢከፍቱለት አይደነግጥም፤ ውስጡ ያለው የሚያውቀው ዘመድ ነው።

የጀልባ ሞተር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከአሜሪካ ጀምሮ ነው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ሞተሩን ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው ሰው እሱ አልነበረም፤ ካሜሮን ዋተርማን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞክሮታል። የኤቪንሩድ ግን ለቀዛፊው ሁሉ የሚሆን ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ፣ ዘንጉና ውኃ የሚገፋው ፕሮፔለር አንድ አካል ይሁኑና ከጀልባዋ ኋላ በመያዣ ይታሰሩ። ሲበላሽ ይፈታል፣ በትከሻ ይወጣል፣ ወደሚጠግነው ሰው ይሄዳል። ጀልባዋ ውኃው ላይ ትቀራለች።

ጣና ግን ሞተር ሳይመጣ በፊት የራሱ መጓጓዣ ነበረው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ በዚህ ጥበብ ስማቸው የሚነሣው ደግሞ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ካረጀም ሌላ ይሠራል። መለዋወጫው እዚያው ዳር ላይ ይበቅላል፣ ጋራዡ የሠሪው እጅ ነው። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ከዳር ብዙ አይርቅም፣ ብዙም አይጭንም። የዓሣ ማስገሩ ሥራም በዚያው ልክ ዳር ዳሩን የያዘ ነበር።

ይህ የተለወጠው በ1986 ነው፤ በደርግ ዘመን መሆኑ ነው። ኡርክ ከምትባለው የኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የተነሣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት የዓሣ ሀብት ክፍል ጋር ሆኖ፣ የጣናን የዓሣ ልማት ፕሮግራም ጀመረ። ሁለት ነገሮች አብረው ገቡ፦ ሞተር ያለው ጀልባና የናይለን መረብ። ከዚያ በኋላ ሐይቁ በሙሉ የሚደረስበት ሆነ፤ የወንዞቹ አፍም ጭምር።

አንድ ማሽን ወደ አገር ገባ የሚባለው መቼ ነው? ከመርከብ ሲወርድ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሲቆም የሚያስነሣው ሰው በአካባቢው ሲገኝ ነው። ያ ሰው ከሌለ ሞተር ማለት ውድ ብረት ነው። አሮጌ የጀልባ ሞተር እንዴት እንደሚነሣ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

መጀመሪያ ቁልፍ አይነሣም፤ ይጠየቃል። ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ነዳጅ፣ እሳትና እመቃ። የጎደለውን ሳያውቅ መፍታት የጀመረ ሰው አንድ ችግር ይዞ መጥቶ ሦስት ይዞ ይሄዳል። ከቀላሉ ነው የሚጀመረው። የጋኑ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ተከፍታለች? ካልተከፈተች ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ይታፈናል። ቤንዚኑ የከረመ ነው? የከረመ ቤንዚን ካርቡሬተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆንና ጠባቧን ቀዳዳ ይደፍናታል። ዘይት ተቀላቅሎበታል? የድሮዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ዘይታቸውን የሚያገኙት ከቤንዚኑ ጋር ነው። ብዙዎቹ 50 ለ1 ይፈልጋሉ፣ የቆዩት ደግሞ ከዚያ የወፈረ። ዘይቱ ከተረሳ ፒስተኑ ይነክሳል።

ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። ከራሰ ነዳጅ ደርሷል፣ እሳት ግን የለም፤ ያኔ ወደ ቦቢናውና ወደ ፑንቲናው መሄድ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቷል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ነዳጁ አንሷል ወይም ሞተሩ ግሏል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ገመዱ ይሳባል፤ እጅ ላይ ካልከበደ ፋሻው ወይም ጓርኒሲዮኑ እመቃውን እያሳለፈ ነው።

ቃላቱን ልብ በሉልኝ። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። «መኪና» እና «ጎማ» ሳይቀሩ ከዚያው ናቸው። ወራሪው በ1941 ተባሮ ወጣ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ፣ አማርኛም ሆነ። ዛሬ ጃፓን የተሠራ ሞተር ጣና ላይ ሲቆም የሚጠገነው በዚህ ቋንቋ ነው። ማኑዋሉ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ መካኒኩ የሚያስበው ግን በካንዴላ ነው።

ጣና የራሱ የሆነ አመልም አለው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ በግምት ከአምስት እጅ አንዱን ያጣል። ካርቡሬተሩ ደግሞ ለባሕር ዳርቻ አየር ከተስተካከለ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይወፍራል። ይህን ያልተረዳ ሰው በየሳምንቱ ካንዴላ ይገዛል። የተረዳ ግን የነዳጅ ቀዳዳዋን በጠባብ ይለውጣል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ መጣ። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ለማቀዝቀዣ ውኃ የሚስብበትን ቀዳዳም ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን ወይም ኋላ የምትፈሰው ቀጭን ውኃ ከቆመች ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ሞተር ያስከፍላል።

በአሮጌ ትንሽ ሞተር ውስጥ እኔን ከሁሉ የምትገርመኝ ግን አንዲት ፒን ናት። ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር ታያይዛለች። ከለስላሳ ብረት የተሠራችውም ሆን ተብሎ ነው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ፒኗ ትሰበራለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ባለቤቱ ይበሳጫል፤ ይሁን እንጂ ውዶቹ ጥርሶች ተርፈዋል። አዲስ ፒን ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በስስት በምስማር ወይም በጠንካራ ብረት የተካት ሰው ግን በሚቀጥለው ድንጋይ ማርሹን ይሰብራል። ሞተሩን የነደፈው ሰው ያሰበው እንዴት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን የት ላይ መቆም እንዳለበትም ነው።

የጣና የሞተር ማስገር ይህች ፒን አልነበረችውም። የተመዘገበው የንግድ ምርት በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። ለዓሣ አጥማጁና ለባሕር ዳር ገበያ ይህ መልካም ዜና ነበር፤ ሞተሩ እንጀራ ሆኗል፣ ይህን ማቃለል አይገባም። ችግሩ ያለው የት እንደተሰገረ ላይ ነው። በጣና ላቢዮባርበስ የሚባል ወገን 15 ያህል ትልልቅ የዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በዓለም የትም የሉም። ብዙዎቹ ለመራባት በክረምቱ ወደ ወንዞች ይወጣሉ፦ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭም። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ታንኳ እዚያ ጥቂት ይይዝ ነበር። ሞተርና ናይለን ሲመጡ ግን ስብስቡ በሙሉ መረብ ውስጥ መግባት ጀመረ። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነዚህ ዓሦች ክብደት በተመራማሪዎች መረብ ላይ በ75 በመቶ ቀነሰ። ዋናውን ምክንያት ፍለጋ ጣት የተቀሰረው በዚሁ የወንዝ አፍ ማስገር ላይ ነው።

የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 315፣ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሞተሩ ከገባ 17 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር ማለት ነው። ፒኗ የመጣችው ማርሹ ከተጎዳ በኋላ ነው። ሕጉ ወረቀት ላይ መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ የሚያደርገው እዚያው ዳር ያለው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ በእነዚያ ወራት ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። አለዚያ ፒኗን በምስማር ይተካታል፤ ማን ይፈርድበታል?

አብርሃ ጅራ ላይ ትልቁን አንገረብ ማንም አላስቆመውም፣ ማንም ሞተር አልጫነበትም። ወንዙ ራሱ በየበጋው ይደክማል። ትንሹ አንገረብ የሚደርስበት ጣና ግን ዓመቱን ሙሉ ውኃ ስላለው፣ ሞተሩም ስለማያርፍ፣ ዕረፍቱን ሰው ማበጀት አለበት። ጎበዝ መካኒክ ይህን አይስተውም፤ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከካንዴላው ጎን ሁለት ሦስት ለስላሳ ፒኖች ሳይዝ ሐይቅ ላይ አይወጣም።