ሁለት የሐዲያ ልጆች

ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው “ይህስ በዛ!” ብለን መጽሐፉን የምንከድነውን ግጥምጥሞሽ፣ ታሪክ ያለ አንዳች ኀፍረት ይጽፈዋል። የእቴጌ እሌኒ ነገር እንዲህ ያለ ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

እሌኒ የሐዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ፤ በእስልምና ቤት ያደጉ። የዚያን ዘመን ሐዲያም ከዛሬው ዞን እጅግ የሰፋ ግዛት ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434-1468) አገቧቸው፤ ክርስትናንም ተቀበሉ። ከባላቸው በኋላ አምስት ነገሥታት ሲነግሡ አዩ። በ1508 ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ፣ መንግሥቱን የያዙት እኚህ አሮጊት ነበሩ።

በ1509 ገደማ ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩት። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። በመንገዱም ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ሰላይ ነው ብለው አንገላቱት። ሊመልሰው የወጣው የመርከብ ጦር በ1517 ቀይ ባሕር ገባ፤ አብሮት የተላከው አምባሳደር ግን ከማራን በምትባል ደሴት ላይ ሞተ። ያ ጦር ማቴዎስን ሀገሩ ሳያደርስ፣ በዚያው ክረምት ዘይላን አቃጠለ። በዚያው ክረምት ደግሞ ወጣቱ ልብነ ድንግል የዘይላውን አሚር ማሕፉዝን በጦርነት ድል ነሥቶ ገደለው። ሳይመካከሩ፣ አንዱ ወደቡን፣ ሌላው የወደቡን ጌታ!

ማቴዎስ ምጽዋ የወረደው በሚያዝያ 1520 ነው። ቤተ መንግሥቱን ሳያይ፣ በሳምንታት ውስጥ በደብረ ቢዘን አካባቢ አረፈ። እቴጌይቱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ አብሮ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሕዝቡን ለቅሶ መዝግቦታል።

ታሪኩ ግን አላለቀም። የማሕፉዝን ልጅ ድል ወንበራን ያገባው ኢማም አሕመድ (ግራኝ) በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግልን ጦር ሰበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐዲያ ሲደርስ፣ የሐዲያው ገዥ ልጁን እንደ ዳረለት ፉቱሕ አል-ሐበሻ ይነግረናል። ልብ በሉ፤ ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአንድ የሐዲያ አደባባይ ሁለት ሙሽሮች ወጡ፤ አንዷ ለክርስቲያኑ ንጉሥ፣ አንዷ ለእስላሙ ኢማም።

በ1541 አራት መቶ ፖርቱጋሎች ምጽዋ ወረዱ። የጠራቸው በ1535 የተላከው የልብነ ድንግል ጥሪ ቢሆንም፣ በሩን ከሠላሳ ዓመት በፊት ያንኳኳችው የሐዲያዋ ልጅ ናት። መሪያቸው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ፣ ማቴዎስ የተጓዘበትን የሕንድ ባሕር መንገድ የከፈተው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነበር። እርሱ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ ኢማሙም በ1543 ወይና ደጋ ላይ በጥይት ወደቀ። የአንዷ የሐዲያ ልጅ ደብዳቤ፣ የሌላዋን የሐዲያ ልጅ ባል ገዳዮች ወደዚህ ምድር አመጣ።

እኔ በሺንሺቾ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጃቸው የላከውን ገንዘብ “ደረሰ ወይ?” እያሉ በየቀኑ መስኮቴ ላይ የሚቆሙ እናቶች አሉ። አንዳንዴ እሌኒን አስባለሁ፤ አሥር ዓመት ያህል መልስ የጠበቁትን አሮጊት። ማታ ሻይ ቤት ስንቀመጥ ደግሞ ወሬው ይቀየራል፤ በዚያ ጦርነት “የእኛ ወገን” ማን እንደ ነበር ይቆጠራል፣ ድምፅም ከፍ ይላል። እኔ ዝም እላለሁ። ሁለቱ ሙሽሮች ይመጡብኛልና። ሁለቱም የዚህ አገር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱንም የሸኘ ዘመድ አልቅሷል። በየትኛዋ በኩል ልቁጠር?