ቅዳሴን ማዜምና በቅዳሴ ላይ መዘመር፦ በላቲን ሥርዓት ቁምስናዎች የዜማ ምርጫ ታሪክ

በላቲን ሥርዓት በሚገለገሉ የካቶሊክ ቁምስናዎች ለእሑድ ቅዳሴ መዝሙር ሲመረጥ በብዙ አገር የሚታሰቡት አራት ቦታዎች ናቸው፤ እነርሱም ካህኑ ወደ መሠዊያው የሚገባበት፣ መባ የሚቀርብበት፣ ምእመናን የሚቆርቡበትና ሥርዓቱ ተፈጽሞ ሕዝቡ የሚወጣበት ጊዜ ናቸው። የመዘምራን ኃላፊው የዕለቱን ንባባት አይቶ፣ ሕዝቡ የሚያውቀውንና መዘምራኑ የሚችሉትን መዝኖ፣ ለየቦታው የሚስማማውን ከመዝሙር መጽሐፍ ይመርጣል። ይህ ልማድ ቅዳሴ በየአገሩ ቋንቋ የሚቀደስበትን በር ከከፈተው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተወለደ ይመስላል። አመጣጡ ሲመረመር ግን ከጉባኤው በፊት ከነበረው የንባብ ቅዳሴ የተወረሰ መሆኑ፣ ጉባኤውን ተከትሎ የወጣው መመሪያ ካስቀመጠው ቅደም ተከተል ጋርም የማይገጥም መሆኑ ይታያል።

የጥንቱ የሮማ ሥርዓት ለምርጫ እምብዛም ቦታ አልነበረውም። በቅዳሴ የሚዜመው ቃል በሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ አንደኛው በየዕለቱ ቃሉ የማይለወጠው ክፍል ነው፤ ይህም ኪርያላይሶንን፣ «ክብር ለእግዚአብሔር» የሚለውን ምስጋና፣ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ «ቅዱስ» የሚለውን ውዳሴና «የእግዚአብሔር በግ» የሚለውን ልመና ይይዛል። ሁለተኛው ከበዓሉና ከዕለቱ ጋር የሚለዋወጠው፣ አብዛኛውም ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደው የመግቢያ፣ የንባባት መካከል፣ የመባና የቁርባን ዜማ ነው። የትኛው ቃል በየትኛው ዕለት እንደሚዜም የሚወስነው መጽሐፉ ስለነበረ፣ የመሪው ሥራ መምረጥ ሳይሆን የተወሰነውን በሚገባ ማዜም ነበር። ይህ ዜማ በር.ሊ.ጳ. ግሪጎርዮስ ቀዳማዊ (590–604) ስም ይጠራ እንጂ፣ ዛሬ የሚታወቀውን ቅርጽ ያገኘው በአብዛኛው በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ የፍራንክ ነገሥታት የሮማን ሥርዓት በግዛታቸው ለማስፋት በጣሩበት ወቅት፣ የሮማው ዜማ ከአካባቢው ዜማ ጋር በመዋሐዱ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የአሬዞው መነኩሴ ጊዶ የዜማ ምልክቶቹን በመስመሮች ላይ ካሰፈረ ወዲህም፣ ዘማሪ ቀድሞ ያልሰማውን ዜማ ከጽሑፍ ማንበብ ቻለ።

ይሁን እንጂ በመጽሐፉ የተወሰነውን ማዜም ለሁሉም የሚቻል አልነበረም። አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ የሚሸከምበት ረጅም ዜማ የዓመታት ሥልጠና ስለሚጠይቅ፣ በገዳማትና በታላላቅ ካቴድራሎች እንጂ በገጠር ቁምስና ሙሉውን የሚያዜም አይገኝም ነበር። ስለዚህ ካህኑ ከአንድ ረዳት ጋር ቃሉን ሁሉ ያለ ዜማ፣ አብዛኛውንም በለሆሳስ የሚያደርስበት የንባብ ቅዳሴ እየተስፋፋ መጣ። በከተሞች ደግሞ ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ የተለያየ ዜማ የሚያዜሙበት ጥበብ ስላደገ ቃሉ በድምፆቹ ብዛት እየተዋጠ አስቸገረ። የትሬንት ጉባኤ በ1562 ከቤተ ክርስቲያን አስነዋሪ ነገር የተቀላቀለበት ዜማ እንዲወገድ አዘዘ፤ የዘመኑ ጳጳሳትም ቃሉ በግልጽ እንዲሰማ አሳሰቡ። ፓለስትሪና በ1567 ያሳተመው የጳጳስ ማርሴሉስ ቅዳሴ ጉባኤውን አሳምኖ የብዙ ድምፅ ዜማን ከመታገድ አዳነ የሚለው ትረካ ኋላ የተፈጠረ አፈ ታሪክ ነው። ቃሉ ጠራም አልጠራም፣ የሚያዜሙት መዘምራን፣ የሚያዳምጠውም ሕዝቡ እንደሆነ ቀጠለ።

ሕዝቡ በቅዳሴ ሰዓት በራሱ ቋንቋ የሚዘምርበት ሰፊ መንገድ የተከፈተው በተለይ በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ነው። ምእመናን የፕሮቴስታንቱን ተሐድሶ መዝሙሮች እያዩ ወደዚያ እንዳይሳቡ፣ የካቶሊክ ወገንም የራሱን የመዝሙር መጽሐፍ ማዘጋጀት ያዘ፤ ከዜማው ጋር የታተመው የሚካኤል ፌሄ የጀርመንኛ መጽሐፍ በ1537 ወጥቷል። ካህኑ በመሠዊያው ላይ የላቲኑን ቃል በለሆሳስ ሲያደርስ፣ ሕዝቡ ከክፍሎቹ ጋር የሚመሳሰል መዝሙር በጀርመንኛ ይዘምራል። በሥርዓቱ ሕግ ቅዳሴው የሚፈጸመው በካህኑ ንባብ ስለነበር፣ የሕዝቡ መዝሙር ቢዘመር የሚጨምረው፣ ቢቀርም የሚያጎድለው ነገር አልነበረም። ለመዝሙር ምርጫ ነጻነት ያስገኘው ይህ ነው፤ ቃሉ የሥርዓቱ አካል ስላልሆነ እንደ ቁምስናው ልማድ ሊለዋወጥ ይችላል። ሹበርት በ1827 የደረሰው የጀርመንኛ ቅዳሴም ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት የተዘጋጀ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኦፔራ ስልት የተደረሱ፣ ኦርኬስትራ የሚያጅባቸው ቅዳሴዎች በየከተማው ሲበዙ፣ ወደ ጥንቱ ዜማ እንመለስ የሚል እንቅስቃሴ ተነሣ። በጀርመን ፍራንዝ ዛቬር ቪት በ1868 በቅድስት ሲሲሊያ ስም የመዘምራን ማኅበር አቋቋመ፤ በፈረንሳይ ደግሞ በ1833 እንደገና የተከፈተው የሶሌም ገዳም መነኮሳት የጥንቱን ዜማ ከብራና ለማደስ ተነሡ። የአሠራራቸውን ጥንቃቄ አንድ ምሳሌ ያሳያል። የተፋለሰውን ዜማ በግምት አስተካክላችኋል እንዳይባሉ፣ አባ አንድሬ ሞክሮ በ1889 የጀመረው የብራና ምስሎች ሕትመት አንዲትን ከንባባት መካከል የምትዜም ዜማ ብቻ ከ200 በላይ ከሆኑ ብራናዎች አንሥቶ ጎን ለጎን አቀረበ፤ በተለያየ አገርና ዘመን የተጻፉት ብራናዎች በመሠረቱ መስማማታቸውም ለማንም አንባቢ ግልጽ ሆነ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 10ኛ በኅዳር 1903 ባወጡት ደንብ የግሪጎርዮስን ዜማ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሁሉ መለኪያ አደረጉት፤ ፒያኖንና ከበሮን ከለከሉ፣ ሴቶች በመዘምራን ውስጥ እንዳይገቡ አዘዙ፣ በዜማ በሚከናወን ቅዳሴ የአገር ቋንቋ መዝሙር እንዳይገባም አገዱ። ያም ሆኖ ዓላማቸው ሕዝቡን ዝም ማሰኘት ሳይሆን፣ ዜማውን ራሱ ተምሮ በአምልኮው ተካፋይ እንዲሆን ማብቃት ነበር። የማይለወጡት ክፍሎች ዜማ በ1905፣ ሙሉው የዜማ መጽሐፍ በ1908 ከቫቲካን ታተመ።

ደንቡ አስተማሪ ባገኘባቸው ቁምስናዎች ፍሬ ሲያፈራ፣ በብዙዎቹ ግን የንባብ ቅዳሴና የአገር ቋንቋ መዝሙር ጎን ለጎን ቀጠሉ። የመስከረም 1958 የሮም መመሪያም መዝሙሮቹ ከቅዳሴው ክፍሎች ጋር እንዲስማሙ በማሳሰብ በንባብ ቅዳሴ እንዲዘመሩ ፈቀደ። በዚሁ ዘመን ፈረንሳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዦሴፍ ዠሊኖ መዝሙረ ዳዊትን ሕዝብ እንዲያዜመው አድርጎ አሰናዳ። በእርሱ ስልት የየስንኙ ዋና ምቶች በእኩል ርቀት ይወድቃሉ፤ በምቶቹ መካከል ያሉት ፊደላት ቢበዙ ፈጠን፣ ቢያንሱ ዘግየት ብለው ይዜማሉ፤ መሪው ስንኞቹን ሲያዜም ሕዝቡ አጭሩን አዝማች ይቀበላል። ስልቱ ያልሠለጠነ ጉባኤ የመጽሐፍ ቅዱሱን ቃል ራሱን ሊያዜም እንደሚችል አረጋገጠ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1963 የጸደቀው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የአምልኮ ሰነድ ለግሪጎርዮስ ዜማ ቀዳሚ ስፍራ ሰጥቶ፣ የሕዝብ መዝሙር እንዲዳብርና የሚስዮን አገሮች ሕዝቦች የሙዚቃ ባህል እንዲከበር አዘዘ። የመጋቢት 1967 መመሪያ የሚዜመውን በሦስት ደረጃ ከፈለው። የመጀመሪያው የካህኑ ሰላምታና ጸሎት ከሕዝቡ ተሰጥዎ ጋር፣ እንዲሁም «ቅዱስ» እና «አባታችን ሆይ» ነው፤ ሁለተኛው ኪርያላይሶንን፣ የክብርን ምስጋናና ጸሎተ ሃይማኖትን የመሰሉትን ይይዛል፤ የመግቢያ፣ የመባና የቁርባን ዜማ የተመደቡት በሦስተኛው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ያለ መጀመሪያው እንዳይወሰዱም መመሪያው ደንግጓል። በ1970 የታተመው መጽሐፈ ቅዳሴ ግን ከመጽሐፉ ዜማ ሌላ ለቦታው የሚስማማ መዝሙር መጠቀምን ስለፈቀደ፣ ብዙ ቁምስናዎች በዚያው በር ገቡ። የአገር ቋንቋ ቅዳሴ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲመጣ በእጅ የነበረው የመዝሙር መጽሐፍ፣ ሕዝቡም በቃሉ የሚያውቀው መዝሙር ስለነበር፣ ተሰጥዎው በንባብ ቀርቶ አራቱ መዝሙሮች ጸኑ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ጊታር ኦርጋኑን በብዙ ቁምስና ሲተካ የተለወጠው የመሣሪያውና የዜማው ቀለም እንጂ የአቀማመጡ መሠረት አልነበረም። በመጽሐፈ ቅዳሴው ጠቅላላ መመሪያ የመውጫ መዝሙር ጨርሶ አለመጠቀሱ፣ አቀማመጡ ከሕግ ሳይሆን ከልማድ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

ሌላ መንገድ እንደነበረ የኮንጎ ታሪክ ይመሰክራል። በ1958 በካሚና በቤልጂየማዊው ካህን በጊዶ ሃዘን መሪነት የተዘመረው የሉባ ቅዳሴ፣ የላቲኑን የማይለወጥ ቃል ሳይነካ በኮንጎ ዜማና ከበሮ አቅርቦታል፤ በ1988 የጸደቀው፣ በአገሪቱ የያኔ ስም የተጠራው የዛየር ሥርዓትም ይህን አካሄድ ወደ ቅዳሴው ሙሉ ቅርጽ አሰፋው። በዚህ አሠራር የአገሩ ሙዚቃ የሚገባው በሥርዓቱ ክፍተቶች ሳይሆን በሥርዓቱ ቃል ላይ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች ይህ እንግዳ አይደለም። በደቡብ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ያሉት ሀገረ ስብከቶች በአብዛኛው የላቲንን ሥርዓት ሲከተሉ፣ በግዕዝ ሥርዓት የሚገለገሉት ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚጋሩት ቅዳሴ ከመነሻው ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ እየተቀባበሉ የሚያዜሙት ነው። በዚያ ተሰጥዎ የቅዳሴው አካል ስለሆነ፣ የ1967ቱ መመሪያ በመጀመሪያ ደረጃ ያስቀመጠው የሕዝብ ዜማ ሳይመረጥ ይገኛል፤ ሌላው መዝሙር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በላቲን ሥርዓት ቁምስናም የዜማ ዝግጅት ከአራቱ መዝሙሮች ሳይሆን ካህኑና ሕዝቡ ከሚቀባበሉት ቢጀምር፣ በምርጫ ላይ ከሚነሣው ክርክር ብዙው ይቀላል፤ ምን ይዘመር የሚለውን ጥያቄ በአብዛኛው የሚመልሰው የቅዳሴው ቃል ራሱ ይሆናልና።