የታሰረው መከለያ፦ ከማንቸስተር ፋብሪካዎች እስከ ባትሪ መጋዝ

በባትሪ የሚሠራው ክብ የብረት መጋዝ ከዲስኩ ሥር ተንቀሳቃሽ መከለያ አለው። ዲስኩ ብረቱ ውስጥ ሲገባ መከለያው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መጋዙ ከብረቱ ሲወጣ ደግሞ በሞላ ጉልበት ተመልሶ ጥርሶቹን ይሸፍናል። በግንባታ ቦታ ይህ መከለያ በሽቦ ታስሮ ወይም እንጨት ተወትፎበት ክፍት ሆኖ ሲቀር ይታያል። የሚሰጠው ምክንያት «ሥራ ያዘገያል» የሚል ነው። ጣት ከሄደ በኋላ ደግሞ ሌላው ይከተላል፦ «ራሱ አልተጠነቀቀም»።

ሁለቱም አባባሎች ከመጋዙ በዕድሜ ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1844 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ለሴቶች፣ ለሕፃናትና ለወጣት ሠራተኞች አደገኛ የሆኑ ማሽኖች እንዲከለሉ አዘዘ። ባለፋብሪካዎቹ ግን ከጣራው ሥር የሚሽከረከሩትን ኃይል አስተላላፊ ዘንጎች ከግዴታው ውጭ አደረጓቸው። ከሰው ቁመት በላይ ናቸውና ማንን ይነካሉ ነበር ክርክራቸው። ይነኩ ነበር። ቺንጋ ሊያስተካክል ወደ ላይ የወጣ ሠራተኛ ልብሱ በዘንጉ ላይ ከተጠመጠመ መትረፊያ አልነበረውም።

በ1850ዎቹ አጋማሽ ተቆጣጣሪዎች ሕጉን በሙሉ ለማስፈጸም ሲነሡ፣ ባለፋብሪካዎቹ በ1855 ማኅበር አቋቁመው የተከሰሱ አባሎቻቸውን ለመከላከል ገንዘብ አዋጡ። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት በማኅበሩ ላይ ዘመተ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጸሐፊ ሃሪየት ማርቲኖ በበኩሏ ለባለፋብሪካዎቹ ወግና፣ ለአደጋው ተጠያቂው በአመዛኙ የሠራተኛው ቸልተኝነት ነው ስትል ተከራከረች። በ1856 ፓርላማው ግዴታውን አላላው። በዚያ ዙር ያሸነፈው ማኅበሩ ነበር።

ነገሩን የቀየረው የካሳ ሕግ ነው። ጀርመን በ1884 የሥራ አደጋ መድን ሕግ አወጣች፤ እንግሊዝም በ1897 ተከተለች። ሠራተኛው ካሳ ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አላስፈለገውም። ለጣት ዋጋ ሲወጣለት መከለያ ርካሽ ዕቃ ሆነ።

ይህ ሁሉ ግን ወለል ላይ ለተተከለ ማሽን የታሰበ ነበር። ክብ መጋዝም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር፤ በ1777 እንግሊዝ ውስጥ የፈጠራ መብት ከተመዘገበለት በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራው ወደ እሱ ይመጣ ነበር እንጂ እሱ ወደ ሥራው አይሄድም ነበር። በ1917 ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የሽጉጥ እጀታና ቃታ አበጀለት። በ1920ዎቹ ደግሞ ኤድመንድ ሚሸል በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ሠርቶ በ1924 ለገበያ የሚያቀርብ ኩባንያ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ማጠር አይቻልም፤ አጥሩ ከማሽኑ ጋር መጓዝ ነበረበት። ተንቀሳቃሹ መከለያ ያ አጥር ነው። በ1970 የወጣውን የሥራ ደኅንነት ሕግ ተከትሎ የመጣው የአሜሪካ ደንብ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ መጋዙ ከሥራው ሲወጣ የታችኛው መከለያ በራሱና ወዲያውኑ ዲስኩን እንዲሸፍን፣ ቃታው ሲለቀቅም ኃይሉ እንዲቋረጥ። ቃታውን በፕላስተር ጠቅልሎ የሚሠራ ሰው እንግዲህ ሁለተኛውን አጥር አፈረሰ ማለት ነው።

ብረት ቆራጩ በሌላ መንገድ ነው እዚህ የደረሰው። በእጅ መጋዝ ሲገዘግዝ ኖሮ፣ በ1954 ፍሌክስ የተባለው የጀርመን አምራች ግራይንደርን ይዞለት መጣ። ግራይንደር ድንጋዩን በደቂቃ አሥር ሺህ ዙርና ከዚያ በላይ እያሽከረከረ ብረቱን ይሞርዳል፤ የፍንጣሪ ዝናብ፣ የጋለ ጠርዝ፣ አንዳንዴም የሚፈነዳ ድንጋይ አለው። ባለ ጥርሱ ዲስክ የተቻለው በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ በተሠራው የተንግስተን ካርባይድ ቅይጥ ነው። ክሩፕ በ1926 ለገበያ ሲያቀርበው «ቪዲያ» አለው፤ «እንደ አልማዝ» ከሚለው የጀርመንኛ ሐረግ የተወሰደ ስም ነው። በዚህ ጥርስ የሚቆርጠው መጋዝ ፍጥነቱ ከግራይንደር በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ፍንጣሪው ጥቂት፣ የተቆረጠው ጠርዝም ብዙ የማይግል።

የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ድንጋይ ይሞርዳል፤ ጥርስ ይነክሳል። ግራይንደር የለመደ እጅ ባለ ጥርሱን መጋዝ በአንድ እጅ ይይዛል፣ በአየር ላይ ያዘነብለዋል፣ በተቆረጠው መሐል ያጣምመዋል። ቱቦላሬ ሁለት ጫፉ ተደግፎ መሐሉ ሲቆረጥ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ክፍተቱ ይጠብና ዲስኩን እንደ ሞርሳ ይይዘዋል። በዚያች ቅጽበት ጉልበቱ ሌላ መውጫ የለውምና መጋዙ ወደ ያዡ ይዘላል። ስለዚህ የሚቀረው ክፍል በሞርሳ ይታሰራል፣ የሚቆረጠው ጫፍ በነፃነት እንዲወድቅ ይተዋል። ክብ ፌሮም ካልታሰረ ከጥርሱ ጋር ይዞራል። ዲስኩ ብረቱን የሚነካው ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ነው፤ ከቆመ ደግሞ ቃታው ተለቆ፣ ዲስኩ ጸጥ ብሎ ነው የሚነሣው። ሁለት እጅ እጀታው ላይ፣ አካል ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን። የዲስኩ ጥልቀት ከብረቱ ትንሽ ብቻ እንዲያልፍ ይስተካከላል። የግራይንደር ድንጋይ እዚህ አይገጠምም፤ የእንጨት ዲስክም እንዲሁ፤ በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር መጠንም ከመጋዙ ማነስ የለበትም።

«ሥራ ያዘገያል» የሚለው ነገር ጥቂት እውነት አለው። የሚወጣው ሹል የብረት ፍቅፋቂ በመከለያው መዞሪያ ውስጥ እየገባ ያደርቀዋል፤ የደረቀ መከለያ ይይዛል፣ ያናድዳል፣ በመጨረሻም ይታሰራል። መድኃኒቱ ብሩሽ ነው፤ ባትሪው ከወጣ በኋላ። ፍቅፋቂው ትኩስ ስለሆነ በእጅ አይጠረግም፤ በመነጽርና በጆሮ መከላከያም ቀልድ የለም።

ባትሪው ከወጣ በኋላ የምትለዋ ሐረግ የራሷ ታሪክ አላት። ብላክ ኤንድ ዴከር በ1961 የመጀመሪያውን ገመድ አልባ መሰርሰሪያ እስኪያወጣ ድረስ፣ ዲስክ ሊቀይር የተቀመጠ ሰው ሶኬቱን መንቀሉን በዓይኑ ያያል። የሶኬቱ ጫፍ መሬት ላይ ተጋድሞ መሣሪያው መሞቱን ይመሰክር ነበር። ከ2005 ወዲህ ሊቲየም ባትሪ ከባድ መሣሪያዎችን ማንቀሳቀስ ሲጀምር ያ ምስክር ቀረ። የተቀመጠ የባትሪ መጋዝ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ቃታውን ጉልበትም፣ የሕፃን እጅም ሊስበው ይችላል። የወጣው ባትሪ ራሱ ከፍቅፋቂ ጋር በአንድ ቦርሳ ከተጣለ በአፉ ላይ ብረት ተጋድሞ ሊያቃጥል ይችላል።

ገመዱ ሲቀር ፋብሪካውም አብሮ ቀረ። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና የአደጋ መከላከያ የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ያው አዋጅ ግን በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። መጋዙን በቦርሳ ይዞ፣ የአንድ ቤት የብረት በር በቁርጥ ዋጋ ተስማምቶ የሚሠራ ወጣት ማን ነው? ባለፋብሪካውም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ጣቱ የሚቆረጠውም እሱ ራሱ ነው። የማርቲኖ ክርክር በ1855 ከነበረው ይልቅ ለዚህ ወጣት ይስማማል፤ ፍትሐዊ ስለሆነ ሳይሆን ከኋላው የሚጠየቅ ስለሌለ።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1963 ባወጣው የማሽን ከለላ ስምምነት አደገኛ ክፍሉ ያልተከለለ ማሽን መሸጥና ማከራየት እንዲከለከል ሲደነግግ ኃላፊነቱን ወደ ሻጩም ዘርግቶታል። ያገለገለ መጋዝ በሚሸጥበት ሱቅ ይህን ለመፈተን ደቂቃ አይፈጅም፦ ባትሪው ይወጣል፣ መከለያው በማንሻው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ይለቀቃል። ፈጥኖ ተመልሶ ካልዘጋ፣ ከጎኑም የሽቦ ማሰሪያ ቀዳዳ ካለው፣ የሚሸጠው የተበላሸ ዕቃ ነው፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ድምፅ ይስጥ።