የጋለው ኮንሶልና ያልተነገረው ምክንያት

በየቤቱ የተደረገ የጌም ኮንሶል ጥገና ታሪክ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ፎጣውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ 360 ሦስት ቀይ መብራት አብርቶ ሥራ ሲያቆም፣ ባለቤቶቹ በፎጣ ጠቅልለው ያበሩታል፤ እስኪግል ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ያቆዩታል፤ ካቀዘቀዙት በኋላ እንደገና ይሞክሩታል። አንዳንዴ ይነሣል፤ ለሳምንት ወይም ለወር ይሠራና ተመልሶ ይወድቃል። ዛሬ ይህ ታሪክ በሁለት ዓይነት ይተረካል። አንደኛው ወገን የአላዋቂዎች ሙከራ ነበር ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ ትልቁን ኩባንያ በካቻቢቴ ብቻ የተጋፈጡ ተራ ሰዎች ገድል አድርጎ ያወድሰዋል። ሁለቱም ዋናውን ነገር የሳቱ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን በየቤቱ የተደረገው ጥገና በአብዛኛው የተሳሳተ ነበር፤ የተሳሳተበት ምክንያት ግን የእጅ ሙያ ማነስ አልነበረም። የብልሽቱን ምክንያት ማወቅ የሚችለው ወገን ዝም በማለቱ ነው። ለጠጋኝ ከመሣሪያም ከመለዋወጫም የሚቀድመው ይህ እውቀት ነው፤ እሱ ከተነፈገ የሰለጠነ እጅም በጨለማ ይዳብሳል።

ይህን ለመረዳት አሥር ዓመት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማነጻጸር ይጠቅማል። ሶኒ በ1994 መጨረሻ በጃፓን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ያወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽንም የሙቀት ችግር ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ሲዲውን የሚያነበው ሌንስ የሚንሸራተትበት ተሸካሚ ፕላስቲክ ነበር፤ የተቀመጠውም ከፓወር ሰፕላዩ አጠገብ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀትና በፍትጊያ እየተበላ ሲሄድ ሌንሱ ዘመም ይላል፤ ዲስኩን አስተካክሎ ማንበብ ያቅተዋል፤ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ድምፁ ይዘላል። ባለቤቶቹ መፍትሔውን ራሳቸው አገኙት፤ መሣሪያውን በጎኑ አቆሙት ወይም ገለበጡት። ሌንሱ በራሱ ክብደት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚሳብ ዲስኩ እንደገና ይነበባል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህም ከፎጣው የማይሻል ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ምርመራው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ክዳኑ ሲነሣ ሌንሱ በዓይን ይታያል፣ የተበላው ተሸካሚም በጣት ይዳሰሳል። ሶኒ ቆይቶ ያደረገው ማሻሻያም፣ ማለትም ተሸካሚውን ከብረት መሥራቱና ሌንሱን ከፓወር ሰፕላዩ ማራቁ፣ በየሳሎኑ የተገኘውን መልስ የሚያጸድቅ ነው። ሰዎቹ ከኤክስቦክስ ባለቤቶች የበለጠ ብልህ አልነበሩም። ብልሽቱ ሊያዩት በሚችሉት ቦታ ላይ ስለነበረ ብቻ ነው የተሳካላቸው።

ኤክስቦክስ 360 ኖቬምበር 22 ቀን 2005 በሰሜን አሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል ተፎካካሪውን ፕሌይስቴሽን 3ን በአንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ነበር። አይቢኤም የሠራው ባለሦስት ኮር ፕሮሰሰርና ኤቲአይ የነደፈው የግራፊክስ ቺፕ በአንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ገቡ። የዲቪዲ ማጫወቻው የተቀመጠው ከግራፊክስ ቺፑ በላይ በመሆኑ የቺፑን ሙቀት የሚያወጣው ሂትሲንክ አጭርና ጠፍጣፋ እንዲሆን ተገደደ። ይህን ሂትሲንክ ከማዘርቦርዱ ሥር ሆኖ የሚወጥረው የኤክስ ቅርጽ ያለው የብረት መያዣ ነበር፤ እሱም ቦርዱን መሃሉ ላይ ይጫነዋል። በማብሪያው ዙሪያ ከተደረደሩት አራት መብራቶች ሁለቱ ቀይ ሲሆኑ መሣሪያው መጋሉን ይናገራሉ። ሦስት ቀይ ግን «የሃርድዌር ብልሽት አለ» ከማለት አያልፍም። ባለቤቶቹ በዚህ አልረኩም። አንድ ቁልፍ ተጭነው ይዘው ሌላውን ደጋግመው ሲጫኑ መብራቶቹ ባለአራት አኃዝ ኮድ እንደሚያሳዩ ታወቀ፤ ለገዢው በተሰጠው መመሪያ ውስጥ የሌለውን ይህን ኮድ እየመዘገቡ የትኛው ቁጥር የትኛውን ብልሽት እንደሚያመለክት ራሳቸው ሰንጠረዥ አወጡ። ይህን ያህል የተጋ ሰው አላዋቂ ሊባል አይገባም። መረጃ የተነፈገ ሰው ነው።

ያኔ በጠጋኞች ዘንድ የተስፋፋው ማብራሪያ እርሳስን የሚመለከት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ብየዳ ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ አገደ፤ አምራቾችም ወደ ቲን፣ ብርና መዳብ ቅልቅል ተሸጋገሩ። የቀድሞው ብየዳ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ አዲሱ 217 ገደማ ይፈልጋል፤ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ቀድሞው ተለጣጭ አይደለም። ስለዚህ ቦርዱ በሙቀት ሲጎብጥ ግራፊክስ ቺፑን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዙት የብየዳ ነጠብጣቦች ይሰነጠቃሉ ተባለ። ጥገናው ሁሉ የተገነባው በዚህ ግምት ላይ ነው። አንዳንዱ የኤክስ ቅርጹን መያዣ ነቅሎ ሂትሲንኩን በብሎንና በሮንዴላ አሠረው። አንዳንዱ ቺፑን በሆት ኤር አግሎ ብየዳውን መልሶ ሊያቀልጥ ሞከረ። መሣሪያ የሌለው በፎጣ ጠቀለለው። ግምቱ የማይመስል አልነበረም፤ እንዲያውም በወቅቱ በእጅ ካለው መረጃ ሊገኝ የሚችለው ምርጡ ማብራሪያ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር አይገጥምም። ፎጣ በዚያ ሣጥን ውስጥ 217 ዲግሪ ሊፈጥር አይችልም፤ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ፕላስቲኩ ራሱ ይለሰልሳል። ኮንሶሉ በፎጣ ተጠቅልሎ ከተነሣ እንግዲያው የቀለጠ ብየዳ የለም ማለት ነው። የተሰነጠቀ መገናኛ በሙቀት አብጦ ለጊዜው ተነካክቷል፤ ሲቀዘቅዝና እንደገና ሲሞቅ ደግሞ ይለያያል። ጥገናው ሳምንት ወይም ወር ብቻ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

ትክክለኛው መልስ በይፋ የተነገረው በዲሴምበር 2021 ነው። ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስን ሃያኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ባሠራው «ፓወር ኦን» የተሰኘ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የሃርድዌር ኃላፊዎቹ የሆነውን ተናገሩ። የተሰበረው በቺፑና በቦርዱ መካከል ያለው ብየዳ ሳይሆን በራሱ በቺፑ ማሸጊያ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መገናኛዎች ናቸው። የሰበራቸውም መሣሪያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚፈራረቀው ግለትና ቅዝቃዜ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከ2007 የጥገና ዘዴዎች ጋር ማስተያየት ያሳዝናል። ብሎንና ሮንዴላ የታሸገ ቺፕ ውስጥ አይገባም። ሆት ኤሩ የሚያቀልጠው ብየዳ ደህና የነበረውን ነው። «እንዳይግል ቶሎ ቶሎ አጥፍታችሁ አሳርፉት» የሚለው በቅን ልቦና የተሰጠ ምክርም ጉዳቱን የሚያደርሰውን መፈራረቅ ይጨምር እንደሆነ እንጂ አይቀንስም። የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቺፑን በአዲስ መተካት። ለዚያ ደግሞ ልዩ ማሽንና መለዋወጫ ቺፕ ያስፈልጋል። ባለቤቶቹ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ብዙዎቹ ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ቆጥበው መሣሪያውን ለባለሙያ ይሰጡት ወይም ይተዉት ነበር። ማወቅ አንዳንዴ አለመንካትንም ያስተምራል።

ኩባንያውም መጀመሪያ ላይ አላወቀም የሚል መከራከሪያ አለ፤ እውነትነትም አለው። ሙቀት ቺፕን ከውስጥ የሚሰብርበት መንገድ በዚያን ጊዜ ኢንዱስትሪውን በሙሉ ያደናገረ ነበር። ግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ እንኳ በጁላይ 2008 ለላፕቶፕ የሸጣቸው ቺፖች በማሸጊያቸው ድክመት እየተበላሹ መሆኑን አምኖ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መያዙን አስታውቋል። ነገር ግን ይኸው ምሳሌ መከራከሪያውን ያፈርሰዋል። ኤንቪዲያ በ2008 የብልሽቱን ቦታ በስም ጠርቶ ለሕዝብ ሊናገር ከቻለ፣ መናገር ይቻል ነበር ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 የፕሮሰሰሩን፣ በ2008 የግራፊክስ ቺፑን መጠን ወደ 65 ናኖሜትር አውርዶ ሙቀቱን ቀነሰ፤ በ2010 ሁለቱን በአንድ ቺፕ አዋሕዶ አዲስ ሞዴል አወጣ። ቺፕ ማሳነስ ወጪ ለመቆጠብም ነው፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ብልሽቱ እየቀነሰ የሄደው በእነዚህ ለውጦች ነውና፣ ያንን ያደረጉት መሐንዲሶች የችግሩን ሥር ለሌላ አሥር ዓመት ሳያውቁት ቆዩ ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ዋስትናውን ይጠቅሳል። ጁላይ 5 ቀን 2007 ፒተር ሙር የኤክስቦክስ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ ማይክሮሶፍት ለሦስቱ ቀይ መብራቶች የሚሰጠውን ዋስትና ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፤ ቀደም ሲል ለጥገና የከፈሉትንም ካሰ። ሙር ቆይቶ እንደተናገረው ወጪው 1.15 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 240 ሚሊዮኑ የማጓጓዣ ብቻ ነው። ይህ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ሶኒ የፕሌይስቴሽን 3ን ብልሽት ለሚያመለክተው ቢጫ መብራት ተመሳሳይ ነገር አላደረገም። ይሁን እንጂ ዋስትና ጊዜና አገር ይለያል። በ2005 መጨረሻ የተገዛ ኮንሶል በ2008 መጨረሻ ከዋስትና ይወጣል። ከዱባይ በሻንጣ ተይዞ አዲስ አበባ የገባ መሣሪያ ደግሞ ከመጀመሪያውም ወረቀቱ ብዙ አይረዳውም። በአዲስ አበባ ጌም ቤቶች ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠሩት ኮንሶሎች በሕይወት የሚቆዩት በሠፈር ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች እጅ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች አቧራ ያጸዳሉ፤ የደረቀ ቴርማል ፔስት ይቀይራሉ፤ ይህም ተገቢ ሥራ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥርም መሣሪያው ይቀዘቅዛል፣ ይግላል። ቺፑን የሚሰብረው ይህ መፈራረቅ መሆኑን ማወቅ ለአዲስ አበባ ጠጋኝ ከለንደኑ የበለጠ ይጠቅመው ነበር፤ ዋስትናው ግን ከዚያ ውስጥ አንዲት ቃል አልሰጠውም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ስለ ደኅንነት ነው። ተራ ሰው ይህን ሁሉ ቢያውቅ መሣሪያውን ከፍቶ ራሱን ይጎዳል ይላሉ። በፕሌይስቴሽን 5 ጉዳይ ስጋቱ መሠረት አለው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ ነው፤ በቺፑና በሂትሲንኩ መካከልም በተለመደው ፔስት ፋንታ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ብረት ተደርጓል፤ ጠብ ካለ ቦርዱን ያቃጥላል። ሶኒ ግን ይህን አልደበቀም። በኦክቶበር 2020፣ ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት፣ መሐንዲሱ ያሱሂሮ ኦቶሪ መሣሪያውን በቪዲዮ ፈታትቶ ፈሳሽ ብረቱን አሳየ፤ አቧራ የሚጠራቀምበትንና ባለቤቱ ራሱ በቫኪዩም ሊያጸዳው የሚችለውን ቀዳዳም ጠቆመ። በዚህ አቀራረብ የትኛውን ቦታ መንካት እንደሚቻልና የትኛውን መተው እንደሚሻል ይታወቃል። በኤክስቦክስ 360 ግን ፓወር ሰፕላዩ ከሣጥኑ ውጭ ስለነበረ ውስጡን መንካት ያን ያህል አያሰጋም ነበር። አደገኛው የበራን መሣሪያ በፎጣ አፍኖ ማጋል ነው፤ ይህን አደጋ የወለደው ደግሞ የእውቀት መብዛት አይደለም።

ሕጉ እየተለወጠ ነው፤ እጅግ በዝግታ። በአሜሪካ በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ አምራቾች ዋስትናን ከራሳቸው ጥገና ጋር እንዳያስሩ በመሠረቱ ይከለክላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግን ማይክሮሶፍትን፣ ሶኒንና ኔንቴንዶን ጨምሮ ለስድስት ኩባንያዎች «ተለጣፊው ከተነሣ ዋስትናው ይሰረዛል» ስለሚሉና ስለመሳሰሉት የዋስትና ገደቦቻቸው ማስጠንቀቂያ የጻፈው በ2018 ነው። በ2021 በአገሪቱ የቅጂ መብት ደንብ ላይ የተፈቀደው ልዩነትም የኮንሶልን ዲስክ ማንበቢያ ለመጠገን ብቻ ነው። ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና ሰነድ ለባለቤቱና ለማንኛውም ጠጋኝ እንዲሰጡ የሚያስገድዱ ሕጎች አውጥተው ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውለዋል። ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ተካተዋል፤ የጌም ኮንሶል ግን በሁለቱም ሕጎች ውስጥ በስም ተጠቅሶ ተለይቶ ወጥቷል። ያ ልዩነት መሰረዝ አለበት፤ ከሰነዶቹም ጋር አምራቹ የደረሰበትን የብልሽት ምክንያት በደረሰበት ጊዜ የማሳወቅ ግዴታ ሊጨመር ይገባል።